የሐዊ የመጀመሪያ ዘለላ

ባምባሲ አጠገብ፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩት ሰዎች መሃል፣ እንደ የወርቅውሃ እጁ የሚፈለግ ሰው አልነበረም። በሰፈሩ ማንም ቢሆን የጓሮው ሙዝ የመጀመሪያ ዘለላ ሲደርስለት ራሱ አይቆርጥም፤ እሷን ይጠራል። እሷ ከቆረጠች ጓሮው ይባረካል ተብሎ ነዋ! እሷም እቴ፣ ከተጠራች መቼ ታርፍና! ገጀራዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ ገና ከአጥሩ ማዶ እየሳቀች ከች ትላለች።

ደርግ ወድቆ ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን የራሷ ሙዝ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተዝለፈለፈ። ፀሐይ ነው ብላ ውሃ አጠጣችው፤ ጭራሽ ባሰበት። ዘለላውን ቆርጣ ብታየው ውስጡ ጠቁሯል። ተናዳ ወረወረችውና በዚያችው ገጀራ የጎረቤቷን የብሪቱን ዘለላ ልትቆርጥ ሄደች። ምን ታድርግ፣ ማን ነግሯት!

ሳምንታት ካለፉ በኋላ ዱሬሳ የሚባል አዲስ የግብርና ሠራተኛ መጣ። የሙዟን ግንድ ሲቆርጠው ቢጫ ነገር እንደ መግል ተንጠባጠበ።

«እትዬ፣ ይሄ አጠውልግ የሚሉት በሽታ ነው፤ ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው። መድኃኒት የለውም፣ ነቅሎ መቅበር ብቻ ነው። በምንድን ነው የሚቆርጡት?»

«በዚህች ነዋ» ብላ ገጀራዋን አሳየችው።

«የሚያዛምተው እኮ እሱ ነው! የታመመ ግንድ የነካ ስለት በእሳት ካልተለበለበ ጤነኛውንም ይበክለዋል። ሌላ ቤት ቆርጠውበታል?»

የወርቅውሃ ክው አለች። ገጀራዋን እንደያዘች ወደ ብሪቱ ጓሮ ሮጠች። እዚያም የሙዙ ቅጠል ጠውልጎ ወርዷል።

«አበስኩ ገበርኩ! ብሪቱ፣ እኔው ነኝ የገደልኩብሽ!» ብላ መሬት ላይ ዘጭ አለች።

ብሪቱ ግራ ገብቷት አየቻት። «ምን ሆነሻል? ይልቅ ተነሺ፣ ልጄ ሐዊ የመጀመሪያ ዘለላዋን እንድትቆርጪላት ዛሬ እየጠበቀችሽ ነው» አለች።

ሐዊ ካገባች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ የራሷ የምትለው ሀብት ያ የሙዝ ጓሮ ብቻ ነው። የወርቅውሃ ገጀራዋን እዚያው ጥላ፣ ተከትሏት የመጣውን ዱሬሳን ይዛ ወደ ሐዊ ቤት በረረች። ሐዊ ከአማቷ ጋር ደጅ ቆማ በደስታ ተቀበለቻት። የወርቅውሃ ግን ከአጥሩ ውጭ ቀረች።

«አልገባም ልጄ፤ አልቆርጥልሽም።»

የሐዊ ፊት ጠቆረ። «ምን አጠፋሁ እትዬ? ተቀየሙኝ?» አማቷ አፏን ያዘች፤ የመጀመሪያውን ዘለላ አልቆርጥም ማለት በሰፈሩ ዘንድ ከእርግማን አይተናነስም።

«የእናትሽን ጓሮ የገደልኩት እኔ ነኝ፤ በሽታውን በገጀራዬ ወስጄላት። ያንቺን አልነካም!»

ዱሬሳ ነገሩን አስረዳቸው። እሳት አስነድዶ የሐዊን የራሷን ቢላዋ ለበለበላት። ሐዊ ራሷ ቆረጠች። ዘለላው ወረደ፤ የተቆረጠው ቦታ ነጭና ንጹሕ ነበር። አማቷ እልልታዋን አቀለጠችው። የወርቅውሃም ከአጥሩ ውጭ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነበር።