ወንጪ ዳገት ላይ የለቀቅኳት እጅ

ልጅ በእግሩ ዳገት ሲለምድ ልቡም ይጠነክራል ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ካቻምና የልጄን ልጆች፣ የሰባት ዓመቷን ሴትና የአምስት ዓመቱን ወንድ፣ ከአምቦ ወንጪ የወሰድኳቸው ለዚሁ ነው። እናታቸው፣ "አባዬ፣ ከእጅህ እንዳትለያቸው" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ሌላ ተራራ ሲሆን ሰው በጉልበቱ ይወጣል፣ ደክሞት ይወርዳል። ወንጪ ግን ሐይቁ ያለው ታች፣ በተራራው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ መውረድ ይቀድማል፣ ዳገቱ ለድካም ጊዜ ይቆያል። ይህን እያወቅሁ፣ ቁልቁለቱን ሲሮጡ ደስታቸው ብርታት መሰለኝ። ታች አንድ ባለፈረስ ለመመለሻ ፈረስ ሲያቀርብልኝም፣ "እግራቸው ይልመድ" ብዬ መለስኩት።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ትንሹ ቁጭ አለ።

"እግሬ አለቀ።"

እሱን ለማዘል የእህቱን እጅ ለቀቅሁ። ጉም ወርዶ ነበር። አዝዬው ቀና ስል የለችም።

ጠራኋት። ድምጿ ከላይ ሳይሆን ከግራ፣ ከገደሉ በኩል መጣ። የከብት መሄጃ ተከትላ ኖሯል።

"አባባ፣ አፈሩ እየወረደ ነው።"

"ቁጭ በይ። ሣሩን ያዢ። እኔ እስክመጣ አውሪልኝ፣ ዝም እንዳትዪ።"

"ምን ላውራ?"

"የፈለግሽውን።"

"አንተ ሁልጊዜ ቀስ ትላለህ። ገበያም ስንሄድ ቀስ ነው። እማዬ ትቀድምሃለች።"

እሷ ስትወቅሰኝ እኔ በድምጿ እየተመራሁ በእንብርክኬ ሄድኩ። ትንሹን አውርጄ ልተወው አልደፈርኩም፤ አንገቴን አንቆ ይዞኛል። አንዴ ዝም አለች። ደግሜ ጠራኋት። ከዚያ፣ "ጫማህ ይታየኛል" አለች።

ቀሚሷን ጨብጬ ሳብኳት። እግሮቿ ባዶ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። አላለቀሰችም።

ከፊቴ አድርጌያት፣ ተረከዟን እየነካሁ፣ በአራት እግሬ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ባለፈረሱ ከታች ሲመጣ ትንሹን እንዳዘልኩ አገኘኝ።

"ኦቦ፣ ፈረስ እምቢ ብለው ራስዎ ፈረስ ሆኑ?"

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ሁለቱንም ፈረሱ ላይ አስቀመጠልኝና ወጣን።

አምቦ ስንገባ እናታቸው የልጅቷን የተላላጠ ጉልበት አየች። ወደቀች ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እጇን እንደለቀቅሁ ሳላስቀር ነገርኳት። ቁስሉን አጥባ ጨረሰች።

"ሁለተኛ ብቻህን አትወስዳቸውም።"

"ልክ ነሽ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ስንሄድ እሷም ትመጣለች። ልጅቷን እሷ ትይዛለች፣ ትንሹን እኔ።