ጥርሴን በባትሪ ድንጋይ ላስቸኩል ስል

ይህ የደረሰብኝ በ2007 ዓ.ም. ነው፤ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ አንዲት የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ባለቤቴ መሠረት "እስቲ ንገራቸው" እያለች ስለምታስወራኝ ልርሳው ብልም አልችልም።

ያኔ እዚያው ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። የፊት ጥርሶቼ ተነባብረው የበቀሉ ስለነበሩ አዲስ አበባ ሄጄ የጥርስ ማስተካከያ ብረት አሳሰርኩ። ሐኪሙ ሁለት ዓመት እንደሚፈጅ ነገረኝ። እኔና መሠረት ግን ልንጋባ ያሰብነው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የቀረን ሰባት ወር ብቻ። ቬሎ ከለበሰች ሙሽራ አጠገብ ብረት አግጥጬ ፎቶ መነሳቱን ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

አንድ ቀን በስልኬ ኢንተርኔት ስጎረጉር፣ ውጭ አገር ሐኪሞች ድድ ላይ እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ጥርስ ቶሎ ቦታውን እንዲይዝ ለማድረግ እየሞከሩ መሆኑን አነበብኩ። ገና በሙከራ ላይ ነው የሚለውን መስመር ዘለልኩት።

በማግስቱ ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ዳና ዘንድ ሄድኩ። ሬዲዮ መለዋወጫ አለው፣ ጥርስ ግን የለውም ብለው ሊመልሱኝ ሞከሩ። አጥብቄ ስለምናቸው ነገሩ እሳቸውንም ሳያጓጓቸው አልቀረም። አንድ የሬዲዮ ድንጋይ፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦና ኃይሉን የምትቀንስ ትንሽ ዕቃ አገናኙልኝ። አንዱን ሽቦ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ድዴ ላይ አደረግሁ። የዛገ ሚስማር የላስኩ ያህል አፌን ጎመዘዘኝ፤ ከንፈሬም ብቻዋን ትዘል ጀመር።

"እየሠራ ነው" አሉኝ ጋሽ ዳና። እኔም አመንኩ።

አራት ቀን ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ሃያ ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ። በአምስተኛው ቀን ሽቦው ከጥርሴ ብረት ሥር ገብቶ ተጠመዘዘና አልወጣ አለ። ጋሽ ዳና በመቆንጠጫ ሲስቡት እንባዬ መጣ፤ ጥርሴ አብሮ የሚነቀል መሰለኝ። ድንጋዩን ብቻ ነቅለውልኝ ሁለታችንም ተፋጠን ቀረን።

በዚህ መሃል አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ሬዲዮ ይዘው ገቡ። እኔ አፌን እንደከፈትኩ፣ ሽቦው አገጬ ላይ ተንጠልጥሎ ተቀምጫለሁ። ሰውዬው አልሳቁም፤ ምን ሆነህ ነውም አላሉኝም። ሬዲዮውን አስቀምጠው እጃቸውን ታጠቡና ፊቴን ወደ ብርሃን አዞሩት።

"አባያ ሐይቅ ላይ ዕድሜዬን ሁሉ ከዓሣ አፍ መንጠቆ ሳወጣ ነው የኖርኩት" አሉኝ። "ዓሣ ይፈራገጣል። አንተ እንኳን አትፈራገጥ።"

ሽቦውን አልሳቡትም። መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ቀጥሎ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ወጣ። ጥርሶቼን በምላሴ ቆጠርኳቸው፤ ሁሉም አሉ።

ስሜን የጠየቁኝ ከዚያ በኋላ ነው። ነገርኳቸው። የት እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ ያንንም ነገርኳቸው።

"እሑድ ቤቴ ሽማግሌ የምትልከው አንተ ነህ?"

የመሠረት አባት አቶ ኦይቻ ነበሩ። በስም እንጂ በመልክ አንተዋወቅም ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እየተንተባተብኩ የሠርጉን ፎቶ ጉዳይ ሳስረዳ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ ልጃቸው ብረቱን አይታው እንደሆነ ጠየቁኝ። በየቀኑ ታየዋለች አልኳቸው።

"ታዲያ የምትቸኩለው ለማን ነው?"

ሽቦውን ጠቅልዬ ለጋሽ ዳና መለስኩላቸው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ እሺታ ይዘው ተመለሱ። አብሮትም አንድ መልእክት ነበር፤ ልጁ ከመብራት ጋር እንዳይጫወት ምከሩት የሚል። ምን ማለት እንደሆነ አልገባቸውም፤ እኔም አላስረዳኋቸው። ሠርጌን ከነብረቴ ሠረግሁ፤ እየሳቅሁ የተነሳኋቸው ፎቶዎች ሳሎናችን ተሰቅለዋል።

ኤሌክትሪክ ጥርስ ያስቸኩል አያስቸኩል ዛሬም አላውቅም፤ ያ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው። የኔ ጥርሶች ግን ከሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እንኳ አልቀነሱም። ያኔ የተሰማኝ እፍረት አሁን የለም፤ የቀረኝ ምስጋና ነው። አማቴ የማንን አፍ እንደያዙ ሳያውቁ ነው የረዱኝ። ሴት ልጃቸውን የምጠይቀው እኔ መሆኔን ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ሽቦውን አፌ ውስጥ ትንሽ ያቆዩት እንደነበር አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። አቶ ኦይቻ አልካዱም።