ለዶክተሩ ሽምግልና የሄድኩ ዕለት

በሰው አገር፣ ካርቲየ 3 በሚባል ሰፈር ጎረቤቴ የነበረው ዶክተር በዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር ነው፤ ወንድና ሴት መኝታ ቤት ገብተው የሚሆኑትን ሳይቀር ያስተምራል። ባለ ምግብ ቤቷን አልማዝን ግን «አግቢኝ» ለማለት ፈርቶ እኔን ማይሙን ሽማግሌ አድርጎ ላከኝ። እሱ በር ላይ ቀረ።

ድንጋይ በሚያቀልጥ ሙቀት ገባሁ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ!» አለችኝ።

«ዶክተሩን እሺ ካላልሽው አልቀመጥም!»

የአገሬ ሽማግሌዎች ናፈቁኝ፤ እንዲህ ብለን ሳምንት ስንቆም ጺማችን መሬት ይነካ ነበር።

«እዚሁ ምሳ እየበሉ ተማሪዎቻቸውን ‹የልባችሁን ራሳችሁ ተናገሩ› የሚሉት እሳቸው አይደሉም? ታዲያ ምን አፋቸውን ያዘው?» አለች አልማዝ።

ይሄኔ ዶክተሩ ላብ በላብ ሆኖ ገባና አጠገቤ ተገተረ።

«አልማዝ፣ እኔም እሺ ካላልሽኝ አልቀመጥም!»

ሳቀች። ወንበር ሳበችለትና «በል ተቀመጥ» አለችው።

እኔን ግን ዳግም ተቀመጥ የሚለኝ ስለጠፋ እስከ ማታ ቆሜ ቀረሁ።