ሲሶና ሩብ

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ቆሰበር ከተማ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሦስታችንም ከገጠር ነን። ቅዳሜ ወደየቤታችን ሄደን እሑድ ስንቅ ተሸክመን እንመለሳለን፤ የገብስ ዳቦ፣ ድንች፣ ሽሮ። ስንቁን ቀላቅለን ዳቦውን ለሦስት እንካፈላለን። የምትቆርጠው ታላቃችን፣ ከአዲስ ቅዳም በኩል የመጣችው ልጅ ናት። ቢላዋው ሁልጊዜ ለእሷ ያደላል። እኔም ዐይኔን ከእጇ አልነቅልም።

አንድ እሑድ ታላቃችን የአጎቷን ልጅ ይዛ መጣች፤ እንግዳዋ ባዶ እጇን ነበረች።

«ከእኛ ጋር ትከርማለች» አለች። አላማከረችንም።

እራት ላይ ዳቦውን አራት ቦታ ልትከፍለው ስትል እጇን ያዝኩ።

«ለስንት ነው የምትቆርጪው?»

«አራት ሰው አይታይሽም?»

«ስንቅ ያመጣነው ሦስት ነን። ለሦስት ቁረጪና ያንቺን ሲሶ ከዘመድሽ ጋር ለሁለት ተካፈይ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ ስድስተኛ ይደርሳችኋል።»

«ሂሳብሽን ለመምህሩ ንገሪው፣ ሆዳም!»

ሦስተኛዋ፣ ከጥርባ የመጣችው ልጅ፣ ሰልችቷት ነበር። «በሲሶና በሩብ መሃል ያለችው አንዲት ጉርሻ ናት፤ ተያት በቃ።»

«እንግዲያው ያቺን ጉርሻ ከራስሽ ስጫት» አልኳት።

እንግዳዋ አላፈረችም። ሩቧን አንስታ ዐይን ዐይኔን እያየች ጎረሰች።

በማግስቱ የተረፈኝን ስንቅ ለይቼ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ወዲያ ድንቼን ለብቻዬ ቀቀልኩ።

በሚቀጥለው እሑድ እንግዳዋ ከቤቷ በማር የታሸ በሶ አምጥታ ለሦስት አካፈለችው። ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«ሂሳበኛዋ፣ ከዚህ ያንቺ ድርሻ ስንት ነው?» አለች ታላቃችን።

«ዜሮ» አልኳት።

ሳቁብኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ደረቅ ዳቦዬን በላሁ። ምራቄ አፌን ሞልቶት ነበር፤ ግን አልለመንኳቸውም። ዛሬም ብጠየቅ ሂሳቡ ትክክል ነበር እላለሁ።

እስከ ሰኔ አንድ ክፍል እያደርን፣ አንድ ወንበር ላይ እየተማርን አልተነጋገርንም። ፈተና ጨርሰን ዕቃችንን ስናወጣ በጋራ የገዛነው ድስት ቀረ። ታላቃችን ልታነሳው ስትል እጀታውን ያዝኩባት፤ የጥርባዋም በሌላ በኩል ጨበጠች። ድስት ለሦስት አይቆረጥም። በመጨረሻ አከራያችን መጥተው ነጠቁን።

«እንዲህ ሆናችሁ ልትለያዩ ነው? ተሳሳሙ እንጂ ልጆቼ!» አሉን።

ማናችንም ፊታችንን ወደ ሌላዋ አላዞርንም። በየፊናችን ባጃጅ ይዘን ሄድን።