ዳማ ያሳየኝ መንገድ

ልጅ እያለሁ አገሬን ያሳየኝ ውሻ ነው ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። እውነቱ ግን ይኸው ነው። በጃንሆይ ጊዜ ሆሳዕና ዳር ያደገች ሴት ልጅ መንገዷ የታወቀ ነበር፦ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከቤት ገበያ፣ ከቤት ጸሎት ቤት። ከዚያ ትንሽ ፈንጠር ካለች "የት ነበርሽ?" ይመጣል፤ እኩዮቼ አይረሱትም። እኔ ግን "ዳማ ሄዶብኝ ነው" የምትል መልስ ነበረችኝ። ውሸትም አልነበረም፤ ዳማ ሁልጊዜ ይሄድብኝ ነበር።

ዳማ ቀላ ያለ፣ አንድ ጆሮው የተጎመደ ውሻ ነበር። አባቴ አናጺ ነው፤ እንደ አገራችን ወንዶች ሁሉ ልቡ ፈረስ ላይ ነበር፣ አቅሙ ግን አልፈቀደም። ቡችላውን ያመጣው ዕለት "ፈረሱ እስኪመጣ በስሙ እንለማመድ" ብሎ ዳማ ብሎ በፈረስ መልክ ጠራው። ፈረሱ ሳይመጣ ቀረ። ዳማ ከሀዲይኛ በቀር ቋንቋ አያውቅም። የአማርኛ አስተማሪያችን በደጃችን ሲያልፉ "ና! ና እንጂ!" ቢሉት እንደ ግንድ ቆሞ አያቸው። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ንባብ ሲያቅተኝ "የእሷስ ምን ይገርማል፣ ውሻዋን ባያችሁት" ብለው ልጁን ሁሉ አሳቁብኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ አይብ በኮባ ጠቅልላ፣ ከኮረብታው ማዶ ወደምትኖረው አክስቴ ትልከኛለች። "ከውሻው እንዳትለዪ" ትለኛለች። አለመለየት ማለት ደግሞ እሱ የሄደበት መሄድ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ የእንሰቱ ቅጠል ይተናል፣ እርጥብ አፈርና የተቀበረ ቆጮ አብረው ይሸታሉ፣ ዳማም አፍንጫውን መሬት ላይ ጥሎ ይመራኛል። ጃርት ሲቆፍር አምሽቶ ጥሎት የሄደውን ጥቁርና ነጭ እሾህ ያገኘልኝ እሱ ነው። ፍልፈል ከሥር ሲገፋው አፈሩ እንደ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ያየሁት፣ እሱ በሆዱ ተኝቶ ሲጠብቅ እኔም አጠገቡ ተኝቼ ነው። ትልቁ ዝግባ ሥር ቆሞ አንጋጦ ሲያይ እኔም ባንጋጥጥ፣ ጉሬዛዎች ነጭ ጅራታቸውን እንደ ነጠላ ዘርፍ አንጠልጥለው ቁጭ ብለው ያዩናል። አንድ ቀን ጥሻ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ሲለኝ ተከትዬው ገባሁ። ቁመቱ የሰው ያህል የሆነ ድንጋይ በቅጠል ተሸፍኖ ቆሟል፤ ላዩ ላይ ሰው የቀረጸው መስመር አለ። ማን እንዳቆመው የጠየቅሁት ሁሉ "የጥንት ሰዎች" ብሎ ያልፋል። እማዬ ደግሞ "የጥንት አምልኮ ሊሆን ይችላል፣ እጅሽን እንዳታስጠጊው" አለች። ዳማ እግሩን አንስቶ እንደሸናበት አልነገርኳትም።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። ከአክስቴ ቤት ስንመለስ፣ መንገዱ በሁለት የእንሰት አጥር መካከል በሚጠብበት ቦታ፣ ከፊት ለፊታችን አንድ ግራጫ ውሻ መጣ። እኛን ልብ አላለንም። ጭንቅላቱን ደፍቶ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ፣ በገመድ እንደሚጎተት ቀጥ ብሎ ይመጣል። ያበደ ውሻ አይቼ አላውቅም፤ ሆኖም እግሬ ከእኔ ቀድሞ አወቀና ደረቀ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም መውጫ የለም። ዳማ አልጮኸም። እንደ ወትሮው ዞሮም አላየኝም። ዘሎ መካከላችን ገባና ተያያዙ። ጩኸቴን የሰሙ ሰዎች ከማሳቸው ዱላና መኮትኮቻ ይዘው ደረሱ፣ ግራጫውን እዚያው ጣሉት። ዳማ ከአንገቱ ደም እየወረደ መጣና እግሬ አጠገብ ሊተኛ ሲል ሰዎቹ በዱላ አራቁት። "እንዳይነካሽ!" አሉኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልነካሁትም።

እማዬ ልብሴን አውልቃ ከጥፍሬ እስከ ራሴ አገላብጣ አየችኝ፣ በሳሙና ደጋግማ አጠበችኝ። ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ድሬሰር ወሰደችኝ፤ እሱም አይቶ ጭረት እንኳን እንደሌለብኝ ነገራት። "ሰው ቢነከስ መርፌው አዲስ አበባ ነው" አላት። "ለውሻውስ?" አልኩት። ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለውሻ መርፌ የሚባል ነገር ሰምቶ ስለማያውቅ ነው የሳቀው።

ስንመለስ ጎረቤቶች ግቢያችን ውስጥ ቆመው ጠበቁን። አቶ ላምቤቦ፣ የሰፈሩ ባለጠመንጃ፣ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው ይዘው ነው የመጡት።

"ያበደ የነከሰው ያው ያበደ ነው" አሉ። "ፀሐይ ሳትጠልቅ እንጨርሰው።"

"ልጄን ያተረፈ ውሻ ነው፣ አቶ ላምቤቦ" አለ አባቴ።

"ያንተን ስላተረፈ የእኛን ይፍጅ?"

ሰዎቹ ሁሉ ወደ ጋሽ ሸምሱ አዩ። ጋሽ ሸምሱ ቅርብ ጎረቤታችን ናቸው፤ በበቅሎ ጨው ጭነው ጃጁራ ገበያ የሚወጡ እስላም ነጋዴ። ግቢያቸው ከግቢያችን በአጥር ብቻ የሚለይ፣ ትንንሽ ልጆች የሞሉበት ነው። እሳቸው ካሉ አለቀ።

"እኔ ውሻ ሲመጣ ልብሴን ሰብስቤ የምሸሽ ሰው ነኝ፤ ታውቃላችሁ" አሉ። "ዳማም ያውቃል፤ ሲያየኝ ሆን ብሎ ነው የሚጠጋኝ።" ሰዎቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "የተነከሰው ግን ለልጅ ብሎ ነው። ይታሰር። በየጠዋቱ ከመካከላችን አንዱ መጥቶ ውሃ ሲጠጣ ይይ። እስከጠጣ ይኑር። ውሃ እንቢ ያለ ቀን ግን፣ ወንድሜ፣ እኔም አላማልድህም።"

ዳማ እንዲህ ሆኖ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ መካከል፣ በሰንሰለት ታሰረ። አባቴ ምግቡንና የውሃውን ገበቴ ከሩቅ የሚገፋበት ረጅም ዘንግ ጠረበ። ጠዋት ጠዋት ተረኛው ጎረቤት ጋቢውን ተከናንቦ ይመጣል፣ ራቅ ብሎ ይቆማል። ዳማ ሲጠጣ ምላሱ የሚያሰማውን ድምፅ እኔ ከበሩ ሥር ሆኜ እቆጥር ነበር፣ አንዱም እንዳያመልጠኝ። ከዚያ ተረኛው "ጠጣ!" ብሎ ይጮኻል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ "ጠጣ?" ይላሉ። "ጠጣ!" ይመለሳል፤ ወሬው ከእንሰት ወደ እንሰት እየተሻገረ እስከ መንገዱ ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ነው ሰፈሩ ልጆቹን ወደ ውጭ የሚለቀው።

እማዬ በጉባኤ ፊት ለውሻ ጸልዩልኝ ለማለት አፈረች፤ "ለልጄ ጸልዩልኝ" ትል ነበር። አንዲት ጎረቤት ሙዱላ በኩል መድኃኒት የሚያውቅ ሰው እንዳለ ነገረቻት፣ ቅጠሉን የሚሰጠው ግን አስማት ደግሞበት ነው። እማዬ "ከጌታ ሌላ ደጅ አልጠናም" አለች። አባቴ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ነውና "ልክ ነሽ" አላት፤ ብሎ ግን ወደ ጓሮ ወጣ፣ ብዙ ቆየ።

ቅዳሜ ደረሰ፣ አይቡ ተጠቀለለ፣ አሁን ሰው አብሮኝ ይሄዳል፤ የአክስቴ ልጅ እየመጣች ትወስደኛለች። በዚያው መንገድ ሄድኩ፣ ምንም አላየሁም። ጉሬዛዎቹ ከዝግባው ላይ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ጃርት መሬቱን ቆፍሮት ነበር፣ እኔ ያየሁት ጉድጓድ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከምንጩ ዳር እርጥብ ሣር ነቀልኩ፣ ከኮረብታው ጫፍ ጥንጁት ሰበርኩ፣ ፍልፈል የገፋውን አፈር በቅጠል ቋጠርኩ። ቤት ስደርስ አንድ በአንድ ከዘንጉ ጫፍ ላይ እያሰርኩ ወደ ዳማ ገፋሁለት። ሣሩን ሲያሸት አይኑን ጨፈነ። አፈሩ ላይ ሲደርስ ጭራው መሬቱን መታ፣ ተነሣ፣ ሰንሰለቱ እስኪያንቀው ወደ ኮረብታው በኩል ተወጠረ። አልጮኸም። እዚያው ቆሞ ብቻ አየ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ መንገዱን እየነቀልኩ አመጣሁለት።

መስከረም ጠባ። ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆነ፤ የዘመን መለወጫ በዓላችን ያሆዴ መጣ፣ በየቤቱ ሥጋና ቅቤ ሸተተ። ጋሽ ሸምሱ አጥንት በኮባ አድርገው በአጥሩ ላይ ላኩ፤ "ለባለጉዳዩ ስጡልኝ፣ ራሴ እንዳልሰጠው ንቀቱን ፈርቼ ነው" አሉ። ቁስሉ ደርቋል፣ ጠጉሩ አምሯል። አቶ ላምቤቦ ሳይቀሩ "እንግዲህ ይኼ ውሻ ሊያሳፍረን ነው" ብለው ቀለዱ። እኔም አመንኩ። ስለዚህ ነው ያን ጠዋት ተረኛው ዝም ሲል ያልገባኝ።

ገበቴው ሙሉ ነው። ዳማ ሊጠጣ አጎነበሰ፣ ጉሮሮው ተንቀጠቀጠ፣ አፉን አነሣ። ሌላ ገበቴ ቀረበለት። አጎነበሰ፣ ጉሮሮው ታነቀ፣ አነሣ። ከአጥሩ ማዶ "ጠጣ?" አሉ። ማንም አልመለሰም። "ጠጣ?" አሉ እንደገና፣ የልጅ ድምፅ ነው። ዘንጉን አንሥቼ የምንጩን ሣር ገፋሁለት። ዳማ ዘንጉን ነክሶ ሰበረው። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር፤ እኔን ግን አላየኝም።

ጋሽ ሸምሱ መጡ፣ አባቴን ትከሻውን ይዘው ቆሙ። አቶ ላምቤቦን የሚጠራ ሰው ሄደ። ያኔ እማዬ ከቤት ወጣች፤ በሥራ ቀን ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች። እጄን ያዘችና "ነይ፣ እንሂድ" አለችኝ።

"ወዴት?"

"ውሻሽ የሚያሳይሽን ነገር አሳዪኝ።"

እማዬ በሕይወቷ ያለ ጉዳይ መንገድ የወጣች ሴት አይደለችም። እኔም የምንሄደው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ እሷም እንደገባኝ ታውቃለች። ቀስ ብዬ ነው ያሳየኋት። የጃርቱን ቁፋሮ አሳየኋት፣ ቁጭ ብላ አየችው። የፍልፈሉን አፈር እስኪነቃነቅ ድረስ ጠበቅን፤ "ይገርማል፣ ጌታ ሆይ" አለች። ዝግባው ሥር አንጋጠጥን። መንገዱ እስካላለቀ ድረስ ቤት ውስጥ ምንም አይሆንም ብዬ አስቤ ስለነበር፣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አሳየኋት። ሁለተኛ ጊዜ መሆኑን እያወቀች እንደ አዲስ አየችልኝ።

በመጨረሻ የማሳያት አለቀብኝ። እማዬ ወደ ከተማው በኩል ጆሮዋን ጣል አደረገችና ቶሎ ብላ "አሁን ደግሞ እኔ ላሳይሽ" አለችኝ። ከመንገዱ አውጥታ፣ ቁልቁል ወደማላውቀው ሸለቆ ወሰደችኝ። ልጅ እያለች ከብት ስትጠብቅ የምትንሸራተትበትን ልስልስ ድንጋይ አሳየችኝ። ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠችና ተንሸራተተች፤ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ሚስት፣ የልጆች እናት። "አንቺም ነይ" አለችኝ ከታች ሆና፣ እጇን ዘርግታ። ተኩሱ ከወደ ቤታችን የተሰማው እኔ ድንጋዩ ላይ ስቀመጥ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ። እማዬ እጇን አላጠፈችም። "ነይ፣ ማርቴ። ነይ፣ እይዝሻለሁ" አለች፤ ድምፅዋ ግን ተሰበረ። ወረድኩ፣ ያዘችኝ፤ እስኪመሽ ድረስ እዚያ ነበርን።

አሁን የምኖረው ሩቅ፣ በረዶ በሚበዛበት አገር ነው። እዚህ ውሻ በየጊዜው መርፌ ይወጋል፤ ጎረቤቴ "መርፌ ይፈራብኛል" ብላ ስትማረር እሰማታለሁ፣ ምን ልበላት? ለምን ያኔ አልደረሰልንም ብዬ ጌታን ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ተንበርክኬያለሁ፤ ከጉልበቴ የምነሣው ግን ሳልጠይቀው ነው። እናቴም አባቴም አርፈዋል። ሰፈራችን ቤት በቤት ሆኗል ይሉኛል፤ ጥሻውም ተመንጥሯል።

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሰዎች ውሾቻቸውን ይዘው ይወጣሉ። ውሻው ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ይቆማል፣ አፍንጫውን ያስገባል፣ የሆነ ነገር አግኝቷል። ባለቤቱ ስልኩን እያየ ገመዱን ይስባል። ውሻው እግሩን ተክሎ ወደ ኋላ ይወጠራል። "ተወው፣ እሱ ያየውን እይለት" ልል አፌ ድረስ ይመጣል። ቋንቋቸውን አውቀዋለሁ፤ ግን አልልም። ቆሜ አያለሁ፣ ገመዱ ይሳባል፣ ያልፋሉ።