አክስቴና የስፖንጅ ጭንቅላቱ

አክስቴን ማንም አላዋረዳትም። ይህን የምናገረው እናንተ ተቃራኒውን ስትሉ ከከረማችሁ በኋላ ነው። ስልካችሁ ላይ ያያችሁት ቪዲዮ አጭር ነው። አንዲት አሮጊት የአሻንጉሊት ልብስ ለብሳ፣ ትልቅ ሐምራዊ ጭንቅላት በብብቷ ይዛ ቄስ ፊት ጎንበስ ትላለች፤ ከኋላዋ ሕፃናት ይንጫጫሉ። ከሥሩ "ባህላችን የካርቱን መጫወቻ ሆነ" የሚል ጽሑፍ አለበት። አጋራችሁት። አንዳንዶቻችሁ "እናቶቻችንን አዋረዱብን" ብላችሁ ጨመራችሁበት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አሮጊቷ የአባቴ እኅት ናት።

ነገሩ የተፈጸመበት ፓርክ ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የመዝናኛ ቦታ ነው። ሲሠራ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ዥዋዥዌው ለእኛ ልጆች፣ "የባህል መንደር" የተባለው ደግሞ ለፈረንጅ። የባህል መንደሩ አንድ ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤት፣ አንድ ጎተራና አንድ አውድማ ነበረው። አውድማው ላይ አንድም ቀን እህል ተወቅቶበት አያውቅም። ጎተራው ላይ "መንካት ክልክል ነው" የሚል ተለጥፏል፤ ወፍጮው ላይም፣ መደቡ ላይ የተነጠፈው አጎዛ ላይም። እኔ ባደግሁበት ቤት መንካት የተከለከለው የአባቴ ራዲዮ ብቻ ነበር። ባህል የሚሞተው እንደዚህ ይመስለኛል፤ በክብር፣ ተወልውሎ፣ ጽሑፍ ተለጥፎበት። ካርቱኑ ሲመጣ የቀረው ነገር ቀብሩ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቤት ውስጥ ምንም ያልተለጠፈባት አክስቴ ነበረች። መደቡ ላይ ተቀምጣ ጥጥ እንድትፈትልና የሚገባውን ሰው ሰላም እንድትል ነበር የተቀጠረችው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ የነበረው ሰፈራችን ሲነሣ ጎረቤቶቿ በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ ለእሷም አዲሱ ሰፈር ውስጥ ቤት ደረሳት። ደህና ቤት ነው። ጣሪያው አያፈስም፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ችግሩ በሩ የሚያየው የሌላውን ቤት ጀርባ መሆኑ ነው። በድሮው ሰፈር በሯ ላይ ሆና ስታስነጥስ ከሦስት ግቢ "ይማርሽ" ይሏት ነበር። አዲሱ ቤት ከገባች በኋላ አንድ ቀን፣ "ሳስነጥስ ራሴን ይማርሽ ማለት ጀምሬያለሁ" አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ስለዚህ ፓርኩ የምትሄደው ለሰው ብላ ነበር። ያቺ መደብ ከተወሰደችባት ሰው የምታገኝበት ሌላ ቦታ አልነበራትም። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ በዚህ አንድ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከዚያ ፈረንጁ ቀረ። ጦርነቱ መጣ፣ አለፈ ተባለ፣ እንደገና መጣ። ክቡ ቤት ባዶውን ቀረ። አክስቴ ጠዋት ትሄዳለች፣ ትፈትላለች፣ ማታ ትመለሳለች። ከዥዋዥዌው በኩል የልጆች ጩኸት ይሰማታል፤ ልጆቹ ግን ወደ እሷ አይመጡም። ምን ብለው ይመጣሉ? የገዛ ቤታቸው ውስጥ ያለውን ጎተራ፣ ያውም ሳይነኩ ለማየት?

እነዚያ ልጆች የሚያብዱለት አንድ የአማርኛ አኒሜሽን ፊልም ነበር። ደመና እንደ በግ የምታግድ አንዲት ልጅ አለች፤ አያቷ ሐምራዊ ክብ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ደመናውን እንደ ጥጥ ትፈትለዋለች። አየሁት። መጥፎ አይደለም። ዕድሜዬን የፈጀሁባቸው ብዙ መጻሕፍት ከዚያ ያነሰ ሐሳብ ነበራቸው። የፓርኩ ሥራ አስኪያጅ፣ ፈጣንና ትሑት ወጣት፣ የባህል መንደሩን ሙሉ በሙሉ በዚያ ፊልም አምሳል እንደገና ለመሥራት ወሰነ፤ የፊልሙን ባለቤቶችም አስፈቀደ። እኔን "የባህል አማካሪ" አድርጎ ጠራኝ። አዲስ አበባ ለጋዜጦች ስጽፍ ኖሬ ተመልሼ የመጣሁ፣ ክራይ ቤት ውስጥ ከመጻሕፍቶቼ ጋር የምኖር ሰው ነኝ። አማካሪ የሚባለው እንዲህ ያለ ሥራ የሌለው ሰው ነው።

ቤቱን እየዞርን አየነው።

"ጋሼ፣ ግድግዳውን ሐምራዊ ብንቀባው ምን ይመስልዎታል?"

"ድንጋዩ እኮ ቀይ ነው።"

"እሱ ነው ችግሩ። ልጆቹ ቀይ ድንጋይ ሲያዩ ሰፈራችን ነው ብለው ይመለሳሉ።"

የከተማው ምሁራን፣ ማለትም ቢራ ቤት የማገኛቸው ሁለት ጓደኞቼ፣ እንድቃወም ይጠብቁ ነበር። አልተቃወምኩም። ደመናውን በስፖንጅ ሠርታችሁ ከጣሪያው ስቀሉት፤ ጎተራውን ቀድዳችሁ መንሸራተቻ አድርጉት፤ አውድማው ላይ የፕላስቲክ ሣር አንጥፉበት አልኩት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

"አክስቴን ከዚህ አታንሣብኝ።"

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን አከከ። "መደቡ ይፈርሳል፣ ጋሼ። የመንሸራተቻው መውጫ እዚያ ላይ ነው።" ቀጥሎም፣ "ግን አያትየዋን የምትሆን ሰው እንፈልጋለን" አለኝ።

ልብሱ ከአዲስ አበባ ተልኮ መጥቶ ነበር። እስከ መሬት የሚደርስ ወፍራም ቀሚስ፣ የስፖንጅ ጓንት፣ በርሜል የሚያህል ሐምራዊ ጭንቅላት። አፉ ላይ ባለው ወንፊት በኩል ነው የሚታየው። ሐሳቡ አስቆጣኝ። ያን ቀን እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ። ቤቷ ሄጄ ነገርኳት።

"እትዬ፣ አይሆንም ይበሉት።"

"ለምን?"

"የስፖንጅ ጭንቅላት እኮ ነው የሚያስለብሱዎት!"

"አንተ የተሸከምከው የምንድን ነው ታዲያ?"

"በዚህ ዕድሜዎ ልጆች ፊት መዝለል…"

"ዝለይ አሉኝ? ቁሚ ነው ያሉኝ። መቆም ደግሞ ቅዳሴ ላይ ለምጄዋለሁ። ይልቅ ንገረኝ፣ ልጆቹ ይመጣሉ?"

"ይመጣሉ።"

"እንግዲያስ ምን ታደርቀኛለህ!"

ሥራ አስኪያጁ ሕጉን አስረዳት። አያትየዋ አትናገርም፤ እጇን ታወዛውዛለች እንጂ። ልጆች ፊትም በምንም ምክንያት ጭንቅላቷን አታወልቅም። አክስቴ "እሺ የኔ ልጅ" አለች፤ በሁሉም ተስማማች። ለሙከራ ከአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ሲመጡ የመጀመሪያው ሕግ ወዲያው ፈረሰ። አንዲት ልጅ ቀና ብላ አይታ፣ "አያትዬ፣ እንደምን ዋልሽ?" አለቻት። ላስታ ውስጥ ይህን ጥያቄ ሰምቶ እጁን አወዛውዞ ዝም የሚል ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ የዚያ ወጣት ስሕተት ነው።

"እግዜር ይመስገን! እናንተስ እንዴት ናችሁ?" አለ ከስፖንጁ ውስጥ የታፈነ ድምፅ። "እናትሽ ደኅና ናት? አባትሽስ? ከብቱ ሁሉ ደኅና? ላሚቱ ወለደች?"

"ወልዳለች!" አለች ልጅቷ፣ የካርቱን አያት ስለ ላማቸው ማወቋ ምንም ሳይገርማት።

"ወይፈን ነው ጊደር?"

ሌሎቹ ተግተልትለው መጡ። እያንዳንዱ ስለ ቤቱ የሚናገረው ነገር ነበረው። የአንዱ አህያ ገደል ገብታለች፤ የአንዷ ወንድም ጥርሱ ወልቋል። ሥራ አስኪያጁ ጎኔ ቆሞ፣ "ፊልሙ ላይ እንዲህ አትልም" ብሎ አንሾካሸከ፤ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ፈገግ አለ፣ ተዋት።

ያን ቀን ወደ ቤቷ አብረን ስንሄድ ፊቷ በላብ ርሶ ነበር። መንገዱ ላይ ቆም ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች።

"እግሬን ያቅፉኛል" አለችኝ።

"ልጆች ናቸው፣ አሻንጉሊት ይወዳሉ።"

"ሰው ከነካኝ እኮ ቆየ። ሰፈራችን ከተነሣ ወዲህ ቄስ በመስቀል ነው የሚነካኝ። ሌላ ማን አለ?"

አጠገቧ ነበርኩ። ክንዴ ከክንዷ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። ስለ አቀበቱ አንድ ነገር ተናገርኩ።

የምረቃው ቀን መጣ። ወላጆች፣ ልጆች፣ የቀበሌ ሰዎች፣ የድምፅ ማጉያ ጩኸት። ሐምራዊው ቤት አስቀያሚ ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ በደስታ ሊሞቱ ደርሰዋል። ቦታውን እንዲባርኩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ተጠርተው መጡ። ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ፣ እንደ ልማዱ፣ ሰው መስቀል ለመሳለም ተሰለፈ። ቀና ስል ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሐምራዊ ጭንቅላት ከሰው ሁሉ በላይ ብቅ ብሏል። አክስቴ ተሰልፋለች።

ሥራ አስኪያጁም አየ። "ምን ልታደርግ ነው?" አለኝ።

"ልትሳለም ነዋ።"

ተራዋ ደረሰ። ቄሱ መስቀሉን ዘርግተው፣ ያን በርሜል ሲያዩ መልሰው ወደ ደረታቸው ሰበሰቡት። በስፖንጅ ግንባር መስቀል አይነካም፤ በወንፊት ከንፈር አይሳለምም። በሁለት እጇ ጭንቅላቱን ይዛ ወደ ላይ ነቀለችው፣ በብብቷ ሸጎጠችው፣ ሻሿን አስተካክላ ጎንበስ አለች። ግንባሯን፣ ከንፈሯን።

"እማማ! ጭንቅላቱን! ኧረ ጭንቅላቱን ይመልሱት!" ሥራ አስኪያጁ ይጮኻል።

"ቆይ እንጂ አንተ! ልሳለም!"

"እግዚአብሔር ይባርክሽ" አሉ ቄሱ፣ ድንጋጤው ገና ሳይለቃቸው። "እኔማ መስቀሌን ልትውጪብኝ መስሎኝ ነበር።"

ከኋላ አንድ ሕፃን፣ "የአያትዬ ራሷ ተቆረጠ!" ብሎ አቀለጠው። ሌሎቹ ተከተሉት። እናንተ ያያችሁት ቪዲዮ እዚህ ላይ ያበቃል። ቪዲዮውን የቀረጸው ሰው እጁ ዝሎ ይሁን አላውቅም፣ ከዚያ ያለውን አላሳያችሁም። አክስቴ ጭንቅላቱን መልሳ አጥልቃ፣ "አለሁ! አለሁ! ማነው ሞተች ያለኝ? ና እስቲ ንካኝ!" እያለች መሐላቸው ገባች። ለቅሶው ሳቅ ሆነ። ልጆቹ ደጋግመው "አውልቂው!" ይሏታል፣ እሷም ጥግ ይዛ ታወልቀዋለች፣ ይጮኻሉ፣ መልሳ ታጠልቀዋለች። ከፊልሙ የሚበልጥ ጨዋታ ፈጠሩ። ሥራ አስኪያጁ እንኳ፣ "ጋሼ፣ ይህንን በየቀኑ ብናደርገው ምን ይመስልዎታል?" ብሎኝ ነበር።

ከዚያ እናንተ መጣችሁ።

ቪዲዮው ተሠራጨ። "አሮጊት እናት በአደባባይ ተዋረዱ" አላችሁ። አንድ ሰው ከሩቅ አገር ሆኖ ፓርኩ እንዲዘጋ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ፈራ። አልፈርድበትም፤ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ሲቆጣ ያስፈራል። እኔ ጋ መጥቶ ዓይኔን ሳያይ፣ "ክብራቸውን መጠበቅ አለብን" አለኝ። ልብሱ ለአንድ ረጅም ወጣት ተሰጠ። ወጣቱ ሕጉን ያከብራል። አይናገርም፣ እጁን ያወዛውዛል፣ ጭንቅላቱን አያወልቅም። አንድ ቀን ሄጄ አየሁት። ልጆቹ ፎቶ ይነሡና ወደ መንሸራተቻው ይሮጣሉ።

ወሬውን የነገርኳት እኔ ነኝ።

"ሰዎች ተዋረዱ ስላሉ ነው፣ እትዬ።"

"ማን ነው የተዋረደው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"እኔ?" አለችኝ። "መጥቶ የጠየቀኝ አለ?"

የለም። በእርግጥ አንድ ጊዜ ወጣቶች በቡድን መጥተው ነበር፣ ለክብሯ ነጠላ ይዘው። ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ጣሉላት፣ በስልክ ተነሡ፣ መኪናቸው ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃቸው ነበር። እሷ ምሳ ልታቀርብ ጓዳ ገብታ ስትመለስ ሄደዋል። ሳህኑን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

አሁን የምትውለው ቤቷ ነው። እኔ ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሄዳለሁ። የምናወራው ሲያልቅ፣ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ መጽሐፍ አወጣለሁ። "እዚህ መጥተህ ዝም ከምትል ቤትህ ሆነህ ዝም ብትል ምን አለ?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኔ ስለ ከብት የምነግራት የለኝም፤ ጥርሴም አልወለቀም፣ እግር ማቀፍም አልችልበትም። በሐምሳ ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጀመራል? ሁለት ብቸኛ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ብቸኝነቱ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። እኔ ያየሁት ሁለት ሲሆን ነው።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ላሊበላ የምትኖሩም ሆናችሁ፣ ከኩልመስክ ወይም ከወገል ጤና የምትመላለሱ፣ ወይም ለገና የምትመጡ፣ ቪዲዮውን አጋርታችሁ ከነበረ ዕዳው የእናንተ ነው። "የካርቱኗ አሮጊት ቤት" ብላችሁ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ጠይቁ፤ ሁሉም ያሳያችኋል። ነጠላ አትውሰዱላት፣ ሁለት አላት። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ምሳ ስታቀርብ ብሉ፣ ላማችሁ ወልዳ ከሆነ ንገሯት፤ ስትወጡም ልጆቹ እግሯን ይቀፏት።