ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሯጭ

ጎህ ሲቀድ አንዲት ሴት ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ወደ ሜዳው ስትመጣ የሞጣ ሯጮች ማሟሟቁን አቆሙ። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነውና እያንዳንዱ በልቡ የቤተሰቡን ሰው ቆጠረ። የአሠልጣኙ የከማሉዲን እናት ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር ከሁሉም ቀድሞ ወደ ሴትዮዋ ሄደ።

«እትዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

«እናንተኑ። የሩጫ ክለቡ እናንተ ናችሁ አሉኝ። ከቢቸና ከመጣሁ ጀምሬ ሳፈላልግ ነበር። እኔንም ጨምሩኝ።»

ከማሉዲን ትንፋሹን ለቀቀና አስተዋላት። አርባን ሳታልፍ አትቀርም። የተላጨው ፀጉሯ ገና ማቆጥቆጡ ነው። የተጫማችው የወንድ ሸራ ጫማ ስለሰፋት ክሩን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠምጥማዋለች። የማን እንደነበረ አልጠየቃትም።

ነጠላውን ወገቧ ላይ ታጥቃ ከኋላ ተከተለቻቸው። ዳገቱ ላይ ቆመው ሲጠብቋት እያለከለከች፣ «ሂዱ እናንተ፤ እኔ እደርሳለሁ» አለች። ደግሞም ደረሰች።

«ነገም እዚሁ ናችሁ?»

«እዚሁ ነን፣ እትዬ።»

ላቧን በነጠላዋ ጠርጋ መልሳ ስትለብሰው ጥለቱ ወደ ታች ዋለ። ከማሉዲን አይቷል፤ ግን አልነገራትም።